ሦስተኛዋ ገመድ

ኤልክሃርት፣ ኢንዲያና
እሑድ፣ አፕሪል 14 ቀን 2019

ውድ ወንድሜ ላይል፣

እንዴት ሰንብተሃል? ግሬታና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እናንተ ጋ በረዶው ገና አልለቀቀም ሲሉ ሰማሁ። እኛ ጋ ወንዙ ሞልቶ የታችኛውን መንገድ ዘግቶት ሰነበተ፤ ትናንት ነው የጎደለው። እኔ ከመለከት ፋብሪካው ባለፈው ዓመት በጡረታ ወጣሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ነሐስ ስበይድላቸው ኖሬ፣ በመሸኛው ኬክ ላይ ስሜን አሳስተው ጻፉት። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ኬኩ ግን ጣፋጭ ነበር።

ይህ ሦስተኛ ወረቀቴ ነው። ሁለቱን ቀድጃቸዋለሁ። ለአሥራ ሁለት ዓመት ያልተነጋገረ ሰው በስልክ ቢጀምር ይሻል ነበር፤ ግን ግሬታ አንተ በስልክ እንደማትሰማ ነገረችኝ። እንዳትቆጣት፣ አደራ። በየገናው ካርድ የምትልክልኝ እሷ ናት፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ ደወለች።

«ኦሪን፣ የላይል ጆሮ እየሄደ ነው» አለችኝ። «የሚሠራበት የዱቄት ፋብሪካ ጩኸት ነው የጨረሰው። ግራው ጭራሽ አይሰማም። ቀኙም እስከ ገና ይቆይ አይቆይ ሐኪሙ እንጃ ብሏል።»

«ታዲያ ሳይዘጋበት ጊታሩን ለምን አያነሳም?» አልኳት።

«ያልጠየቅሁት መሰለህ? ‹እኔ በገዛ እግሬ የእናቴን ዘፈን የረገጥኩ ሰው ነኝ፤ ጊታር ለእኔ እርም ነው› ይለኛል። ደግሞ ምን ይላል መሰለህ? ‹ኦሪን አንድ ቀን እንኳ በክፉ አላነሳብኝም። እንደ እሱ ያለ ደግ ሰው አላየሁም› ይላል።»

ከዚያ በኋላ ምን እንዳወራን አላስታውስም። ስልኩን ዘግቼ ወረቀትና እስክርቢቶ አወጣሁ።

ላይል፣ አንተ አልረገጥክም። ከዚህ በታች ያለውን ባታነበው እንኳ ይህችን አንዲት መስመር አንብብልኝ። ገመዷን አንተ አልረገጥካትም።

ሌላውን ከሥሩ ልንገርህ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በዚያ በጋ፣ የጊታርህን ድምፅ በእግርህ እየረገጥክ የምትለዋውጥባቸው ፔዳሎች ስድስት ነበሩ፤ እነሱን የሚያገናኙት አጫጭር ገመዶች ደግሞ አምስት። የድሮዎቹ ገመዶች እየተንሿሹ አስቸገሩህና ከሱቅ ልትገዛ ተነሳህ። እማዬ ታማ፣ አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማን ነበር።

«ኦሪን፣ ከሱቅ ልግዛና ልገላገል» አልከኝ።

«የሱቅ ገመድ? በጫማ ማሰሪያ ብታያይዘው ይሻልሃል!»

«ውይ! አሁን ደግሞ ስለ መዳብ ሊሰብከኝ ነው። እማዬ፣ አድኚኝ!»

«የወንድምህ እጅ እያለ ለምን ትገዛለህ?» አለችህ። «ይሥራልህ፤ ሙያው አይደል?»

እጄን ስታመሰግነው ሰማሁ። እኔ እኮ እንዲህ ስታመሰግነኝ የሰማኋት ስንት ጊዜ ነው? ቤታችን ውስጥ ዘፈኑ፣ ሳቁ፣ የጎረቤቱ ጭብጨባ ሁሉ ያንተ ነበር። ቅር ብሎኝ አያውቅም ብል ዛሬም ውሸት ይሆናል። ያን ቀን ግን ደስ አለኝ፤ ደስታዬም ትዕቢት ሆነ። ሦስት ዓይነት ገመድ አስመጣሁ። አንዱ ቀጭንና ውብ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ካጠፉት ይበጠሳል። አንዱ ወፍራም ነው፣ በፔዳሎቹ መሐል እሺ ብሎ አይታጠፍም። መካከለኛውን መረጥኩ፤ የውስጥ ሽቦውን የመዳብ ሹርባ ጥቅጥቅ አድርጎ የሸፈነው ነበር፤ ከውጭ የሚመጣ እዝ የሚል ድምፅ የማያስገባ ማለት ነው። ፔዳሎችህ ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ ለጫፎቹ መሰኪያ አናታቸው ጠፍጣፋ የሆኑ ጃኮችን መረጥኩ። ከአንዱ ፔዳል እስከሚቀጥለው በክር እየለካሁ፣ ለአንዱ ሦስት ጣት፣ ለሌላው ግማሽ ስንዝር እያልኩ ቆረጥኩ። ገመድ ያለ ልኩ ከረዘመ ቀጭኑን ድምፅ ይበላል ብዬ ሳስረዳህ አዛጋህብኝ።

እማዬ ያኔ ሆስፒታል ሳትገባ ሳሎን ውስጥ ነበር የምትተኛው። እኔ ገበታው ላይ እበይዳለሁ። ሦስተኛዋን ገመድ፣ ማስተጋቢያዋ ፔዳል ላይ የምትገባውን ማለቴ ነው፣ ማያያዣውን ሊድ አቅልጬ ሽቦውን ጃኩ ላይ እንደያዝኩ ተጣራች።

«ላይል? የኔ ልጅ፣ አንተ ነህ?»

ከእኔ ሌላ ሰው ቤት ውስጥ አልነበረም። ስታስታምም የነበረችው ነርስ ከሄደች ሦስት ወር ሆኗታል፤ የሚያጥባት፣ የሚያበላት፣ መድኃኒቷን የሚቆጥር እኔ ነኝ። የምትጣራው ግን አንተን ነው። እጄ ተንቀሳቀሰ። ሊዱ ሳይረጋ ሽቦው ተነቃነቀ። ላይል፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ለሠላሳ አራት ዓመት የኖርኩበት ሥራ ነው። የተያያዘ ይመስላል እንጂ አልተያያዘም። ማቅለጥና እንደገና ማሰር ነበረብኝ፤ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ግን የጃኩን ክዳን አጥብቄ ዘጋሁና «ኦሪን ነኝ፣ እማዬ» ብዬ ውኃ ይዤላት ሄድኩ። ስመለስ አራተኛዋን ጀመርኩ።

በሕዝብ ፊት የተጫወትክበትን የትርዒቱን ቀን አንተም ታውቀዋለህ። ቀትር ላይ ነበር፤ ሙቀቱ አስፋልት ያቀልጥ ነበር። እማዬን ከሆስፒታል ለሦስት ሰዓት አስፈቅደን በተሽከርካሪ ወንበሯ አመጣናት፤ ያን ሰማያዊ ባርኔጣዋን አድርጋ ነበር። ለእሷ የሠራኸውን ዘፈን ጀመርክ። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጋጥማ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ስትሰማ አይቻታለሁ። አንተ ማስተጋቢያዋን ፔዳል ልትከፍት ረገጥ ስታደርጋት የጊታሩ ድምፅ ጭራሽ ጠፋ። ተንበርክከህ ገመዶቹን አንድ በአንድ ስትነካካ ከኋላ አንዱ «ኧረ ጊታሩ ሞቷል፤ ቄስ ጥሩለት!» ብሎ ጮኸ፤ ሰውም ሳቀ። እማዬ አልሳቀችም። መኪና ውስጥ ሳስገባት «መጨረሻውን ሳልሰማው ቀረሁ» አለችኝ። «ግድ የለም፣ ሌላ ቀን ያሰማኛል።»

በማግስቱ ገመዷን ይዘህልኝ መጣህ። «አንተ ጠግናት፤ እሑድ ሆስፒታል ወስጄ አሰማታለሁ» አልከኝ። ሌላ ገመድ ልግዛ ወይ ብለህ ጠየቅከኝ። «እኔ እሠራልሃለሁ አላልኩህም?» አልኩህ፤ እሺ አልክ። ስትሄድ ክዳኑን ፈታሁት። ውስጡን ገና ሳየው አወቅሁ። ሊዱ ደብዝዞ፣ ተሰነጣጥቆ ሽቦውን ለቆታል። ጃኩ ላይ አንድ ጭረት እንኳ አልነበረም።

ያኔ አስተካክዬ ዝም ብል እንኳ በአንድ ውሸት አልፈው ነበር። እኔ ግን ደውዬ ምን አልኩህ? «በቦቲህ ረግጠህ ጃኩን ጨፍልቀኸዋል። አዲስ አዝዣለሁ፤ ሳምንት ይፈጃል» አልኩህ። የምትስቅብኝ፣ ከሱቅ ብገዛ ኖሮ የምትለኝ መሰለኝ። አንተ ግን አልሳቅክም። «ውይ፣ እኔ ነኛ!» ነበር ያልከው። ድምፅህ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አዲስ ጃክ አላዘዝኩም። መሳቢያዬ ሞልቶ ነበር። ውሸቴን እውነት ለማስመሰል ግን ሳምንቱን መጠበቅ ነበረብኝ። እሑድ መጥቶ አለፈ። ሰኞ እማዬ «ልጄ መቼ ነው የሚያሰማኝ?» አለችኝ። «ገመዱ ሊደርስ ነው» አልኳት። ሐሙስ ጧት ሞተች። ገመዷ ያን ጊዜ ተጠግና ኪሴ ውስጥ ነበረች። ማክሰኞ ነው የሠራኋት፤ ረቡዕ ልሰጥህ ስል «ሳምንቱ ገና አልሞላም» ብዬ ተውኩት።

ቀብሩ ላይ፣ ሰዉ ወደየመኪናው ሲሄድ፣ አንተ እጄን ይዘህ «ኦሪን፣ እውነቱን ንገረኝ። በእርግጥ ጫማዬ ነው?» አልከኝ። እውነቱን የምነግርህ ሰዓት ከነበረ ያ ነበር። «አዎ» አልኩህ። አንዲት ቃል። ራስህን ነቀነቅክና «አላወቅሁም ነበር» ብለህ አቀፍከኝ። አንተ እኔን አቀፍከኝ፣ ላይል! በሳምንቱ ጓዝህን ጭነህ ወደ ካናዳ ሄድክ። ጊታሩን እንኳ ግሬታ ናት አንተ ሳታይ የጫነችው፤ ፔዳሎቹን እኔ ጋ ምድር ቤት ትተህ። እኔም ደብዳቤ ሳልጽፍልህ ቀረሁ። ብጽፍልህ ይህንን መጻፍ ነበረብኛ።

እማዬን የዘፈኗን መጨረሻ የነፈግኳት እኔ ነኝ። አንተን ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት፤ ያውም ሁለቱም ጆሮዎችህ በደንብ የሚሰሙበትን አሥራ ሁለት ዓመት። ስለ እማዬ ስጸልይ ኖሬአለሁ። ስላንተ ግን ግሬታ እስክትደውል ድረስ አላወቅሁም ነበር። ሥራ በዝቶብህ፣ ቤተሰብ ይዘህ ጊታሩን የተውከው መስሎኝ ነበር። እንዲመስለኝ ፈልጌ ነበር ማለቱ ይሻላል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በላክሁልህ ሳጥን ውስጥ ስድስቱንም ፔዳሎችህን ታገኛቸዋለህ። አቧራቸውን ጠርጌ፣ የዛጉትን ብሎኖች ቀይሬያለሁ። አምስት አዳዲስ ገመዶችም ሠርቻለሁ። ዓይኔ ስለደከመ በማጉያ መነጽር ነው የበየድኳቸው፤ አራት ቀን ፈጀብኝ። ያቺ የድሮዋ ሦስተኛ ገመድ በትንሽ ፖስታ ለብቻዋ አለች። ያን ማክሰኞ የሠራሁትን ብየዳ መልሼ ፈትቼዋለሁ። ጃኩን አገላብጠህ እየው፤ ማንም አልረገጠውም።

ይቅር በለኝ አልልህም። የምለምንህ ሌላ ነው። ቀኙ ጆሮህ ሳይሄድ ጊታሩን ግሬታ ከሰቀለችበት ግርግዳ አውርደው። አምፕሊፋየሩን በቀኝህ በኩል አስጠግተህ ያን ዘፈን እስከ መጨረሻው ተጫወተው። እኔ ልስማው ብዬ አይደለም፤ እኔ አይገባኝም። ልጆችህ አባታቸው ሲጫወት ሰምተው አያውቁም ብላኛለች ግሬታ።

ቁጣህን በደብዳቤም ቢሆን፣ በመጣልህ መንገድ ሁሉ ላክልኝ። ዝም ካልክም በዝምታ ላይ ዝምታ መልመድ አያቅተኝም።

እግዚአብሔር የቀረችህን ጆሮ ይጠብቅልህ። ቤትህን ይባርክልህ፣ ግሬታን ያኑርልህ። ልጆችህን አጎታችሁ ሳማችሁ በልልኝ፤ ማለት ከከበደህም ተወው።

ኦሪን

ይህን ሳልነግርህ እንዳልረሳ፤ የገመዶቹን ጃክ ክዳኖች አልዘጋኋቸውም። ክዳኖቹ በከረጢት ለብቻቸው ናቸው። እያንዳንዱን ብየዳ በብርሃን እየው፤ የሚያብረቀርቅ መሆን አለበት። እያንዳንዷን ጎተት አድርጋት። ሁሉንም ሦስት ሦስት ጊዜ ፈትሼአቸዋለሁ፤ አንተ ግን እኔን አትመን። ራስህ አይተህ ዝጋቸው።