የተካልኝ ጉልበት

ቅዳሜ፣ ጥር 16። ጅቡቲ።

ዛሬ የአጥቂያችን የተካልኝ የጉልበት ጅማት ተበጠሰ። ማንም አልነካውም። ሊዞር ሲል እግሩ ሣሩ ላይ ተተክሎ ቀረ፤ የዞረው ሰውነቱ ብቻ ነው። ቀጭ ያለውን ድምፅ ከተጠባባቂዎቹ ወንበር ሆኜ ሰማሁት። አሥራ ሁለት ዓመት ወጌሻ ሆኜ ይሄን ድምፅ አላጣውም።

የክለቡ ፕሬዚዳንት፣ ወደብ ላይ ትራንዚት የሚሠራው ሰውዬ፣ መልበሻ ክፍል መጣ። በዚያ ባማረ አማርኛው፣ «እኛ ካርቲየ 1 ሰፈር ድንጋይ ላይ በባዶ እግራችን ስንጫወት ማን ጉልበቱ ተበጠሰ? እናንተ ፕሮፌሽናሎች ቅምጥሎች ናችሁ» አለ። ተካልኝ ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ ተኝቷል።

ባዶ እግር ያንሸራትታል፤ እነሱን ያተረፋቸው እሱ ነው። ይሄ ተካልኝ ያደረገው ረጅም ጥርስ ያለው ታኬታ ግን ሰው ሠራሽ ሣር ላይ አንዴ ከነከሰ አይለቅም። በዚያ ላይ በስምንት ቀን ሦስተኛ ጨዋታችን ነው፤ ጭን ሲዝል ጉልበትን የሚይዘው የለም። ታኬታውን የሰጠው ደግሞ ራሱ ፕሬዚዳንቱ ነው፤ ተካልኝ ከአዲስ አበባ የመጣ ዕለት፣ ፎቶ እየተነሳ። የአለቃ ስጦታ ካላደረጉት ያስቀይማል።

ከአፌ የወጣው ግን «በረዶ አምጡ» ብቻ ነው። ከጨዋታው በፊትም ታኬታውን አይቼዋለሁ። «ለዚህ ሜዳ አይሆንም» በማለት ፈንታ ማሰሪያውን አጠበቅኩለት።

ፕሬዚዳንቱ ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ «መኮንን፣ ጫማውን አጥበህ አስቀምጥ። ሰኞ በምትኩ የሚመጣውም ልጅ አርባ ሁለት ቁጥር ነው» አለኝ።

አጠብኩት። በረንዳው ላይ እየደረቀ ነው።