ምላጭ ይዤ የለመንኩት ኪራይ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እታለም? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ባልዲ ታነሺበታለሽ? እኔ ከቀኝ እጄ በቀር ደህና ነኝ። ይሄንንም በግራዬ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ እንደ ሰካራም ቢንገዳገድ እንዳትስቂብኝ።

ነገሩ የመጣው ከኪራይ ነው። ፀጉር ቤቴ ፊት ለፊት ያለው መንገድ ከተቆፈረ ወዲህ ደንበኛ ድርሽ አይልም። አከራዬ ደግሞ በቁስሌ ላይ እንጨት ሰደደበትና ኪራይ ጨመረ። ሰውዬው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚላጨው እኔው ጋ ነው። ታውቂኝ የለ፣ ሰው ፊት አፌ ይተሳሰራል፤ ወሬ የሚመጣልኝ እጄ ሥራ ሲይዝ ብቻ ነው። እናም አረፋውን ቀብቼ፣ አገጩን ቀና አድርጌ፣ ምላጩን ጉሮሮው ላይ እንዳሳረፍኩ፣ ጋሼ እባክዎ ኪራዩን ዝቅ ያድርጉልኝ፣ ልዘጋ ነው አልኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ማለት ይሄ ነው! ሰውዬው ትንፋሹን ዋጠ። እሺ ልጄ፣ በግማሽ ይሁንልህ አለኝ። ጉልበቱን ስሜ ሸኘሁት፤ እኔ ሞኙ!

በነጋታው ሁለት ልጆቹ ብረት ይዘው መጡ። መስታወቱን አደቀቁት። አንደኛው ፀጉሬን ጨምድዶ ፊቴን ስብርባሪው ላይ አሸው። አባታችንን በምላጭ ታስፈራራለህ? ይለኛል። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው! ብምል ብገዘት ማን ሰምቶኝ። ሌላው ቀኝ እጄን መቃኑ ላይ አስደግፎ የብረቱን በር ዘጋብኝ። ከፈተና ደግሞ ዘጋው። ጣቶቼ ሲሰበሩ ድምፁን ሰማሁት። ባለቤቴ ልታስጥለኝ ስትገባ ሆዷን በእርግጫ ብለው ደጅ ጣሏት።

የሰፈሩ ሰው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኖ ተሰበሰበ። ታረቁ አሉን። አከራዬ፣ ልጆቼን መክሰሱ ይቅር፣ በካሳው ፈንታ የኪራዩ ቅናሽ ይጽና አለ። ደግሞ ቂም እንደሌለን ሰው እንዲያይ ቅዳሜ መጥቼ እላጫለሁ፣ ግራ እጅም እጅ ነው ብሎ ሳቀ። የተሰበሰበው ሁሉ አብሮት ሳቀ። ደሜ ፈላ፣ እታለም! ግን እሺ አልኩ።

ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ፊኛ እየነፋሁ፣ አረፋ እየቀባሁ በግራዬ እላጫለሁ፤ ሙያውን ስንማር የምንለማመደው እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሁሉም እየፈነዳ አስቸገረኝ። አሁን አንድም አይፈነዳም፤ እጄም አይንቀጠቀጥም።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ባለቤቴ ናት። ለጥቂት ቀን እህቴን ጠይቂልኝ ብያት ነው የመጣችው፤ የክረምት ልብሷን ግን ሳታየኝ ሻንጣው ሥር ከትቼዋለሁ። እሑድ እከተልሻለሁ ብያታለሁ። አንቺ የአንድ ሰው አልጋ ብቻ አንጥፊ። ቅዳሜ ልመለስ ብላ ብታለቅስም ያዢልኝ። ለልጃችን ብለሽ የጀመርሽውን ያን ትንሽዬ ሹራብ ደግሞ እባክሽ ሳታየው ደብቂው።

ደጅሽ አይዘጋ፣ እጅሽ አይዛል። የቀረውን ዕድሜዬን ላንቺና ለእሷ ያድርገው።

ታናሽ ወንድምሽ