ለቅሶ ሊደርሱን ለገቡት ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ ደግፌ
የሰፈራችን የንግድ ሥርዓት ማስተባበሪያ ኃላፊ
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ በተለይም ማኅተምዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብቻ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህንንም የምጽፍልዎ ቆሜ ነው፤ በርዎ ላይ መቆም ለምዶብኝ ይሆናል።

እንደሚያውቁት የዶርዜ ነጠላ በቴሌግራም እሸጣለሁ። ሸማኔው አጎቴ ኦይታ ነው። ፎቶ ስለጥፍ ደንበኛው ሁሉ ልብ ይልክልኛል፤ የሚገዛው ግን ጥቂት ነው፤ የገዛውም ሰፊ ጥለት ያለውን ይመልስልኛል። ምክንያቱን ስጠይቅ ይሉኝታ ይይዛቸውና «ቆንጆ ነው፣ ምንም አይልም» ይሉኛል። አጎቴ ለመስቀል በዓል የሚሸጠውን ነጠላ ድር ከመወጠሩ በፊት እውነቱን ማወቅ ነበረብኝ። አጥኚ ድርጅት ለመቅጠር አቅም ስለሌለኝ፣ አፍ ቢደብቅ እጅ አይደብቅም ብዬ፣ ሴቶች ነጠላውን ሲለብሱ ለማየት ገበያው ዳር ወጣሁ። የሲቀላን ፀሐይ ያውቁታል። ጎረቤቴ እትዬ በለጥሽ የእድራቸውን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር አዋሱኝ፣ መስታወቱን ከእህቴ ጸጉር ቤት አመጣሁ፣ ለተሳታፊዎች ሙዝ ገዛሁ። የጥናቴ በጀት ይኸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለሆነው ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ሴቶቹ ነጠላውን ለሠርግ እንደሚለብሱት ለብሰው ካሳዩኝ በኋላ፣ ለለቅሶ እንደሚለብሱት አዘቅዝቀው እንዲለብሱት ጠየቅኋቸው። ጥለቱ አንገታቸው ላይ ሲያርፍ ሁሉም እጃቸውን ሰደው ማከክ ጀመሩ። ለካስ የሚያብረቀርቀው ክር ይቧጥጣል። ስንት ጊዜ የተደበቀብኝን ነገር ባገኘሁባት በዚያች ቅጽበት እርስዎ ገቡ። የእድር ድንኳንና የተዘቀዘቀ ነጠላ አይተው፣ ማን ሞተ ሳይሉ ባርኔጣዎን አውልቀው ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጡ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ አሉን፤ ዓይንዎንም በመሐረብ ጠረጉ። ለሌለ ሬሳ ያለቀሰ ሹም ከእርስዎ በፊት አላየሁምና ደግነትዎን አልረሳውም።

፪ኛ/ አንዷ ሙዝ ስታቀርብልዎና የሞተ ሰው እንደሌለ ሲረዱ ሴቶቹ ስለ ሣቁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እኔም ሥቄአለሁ። እርስዎ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ፣ እንዲያውም ከአግዳሚው ሳይርቁ፣ «ያልተፈቀደ ጥናት» ብለው ድንኳኑን አስፈረሱት። አንድ ሰው ሞቶልን ቢሆን ኖሮ ፈቃድ ባልተጠየቅን ነበር፤ ጥፋታችን ሁላችንም በሕይወት መገኘታችን ነው።

፫ኛ/ የሰው አንገት ያሳክክ እንደሆነ ለመጠየቅ ከምሁራን የድጋፍ ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ለምኜ ደብዳቤውን ባመጣ፣ ፈቃዱን የሚፈርሙት የቢሮዎ ሰው ስልጠና ላይ ናቸው ተባልኩ። ቤት ለቤት ልጠይቅ ብል እሱም ጥናት ነው ተባልኩ። ደብዳቤና ፊርማ ፍለጋ ከሲቀላ ሴቻ፣ ከሴቻ ሲቀላ ስመላለስ የባጃጅ ሾፌሮች የት ነሽ ማለት ትተዋል።

ለሚቀጥለው ነገር አራተኛ ቁጥር ልሰጠው አልፈልግም። ሴቶቹ የሚጠሉትን ጥለት አውቄ ነበር፤ የሚወዱትን ግን ሳልጠይቅ ተበተንን። አጎቴ ምን ዓይነት ክር እንደሚገዛ የእኔን ቃል ይጠብቅ ነበር፤ እኔ የእርስዎን እጠብቅ ነበር። በመጨረሻ ደወለልኝና «ልጄ፣ እግሬን የሽመና ጉድጓዴ ውስጥ ከትቼ የሰው መልስ ስጠብቅ ልጆቼ ምን ይብሉ?» አለኝ። ሚስቱንና ልጆቹን ዶርዜ ትቶ፣ በሰው መሸመኛ ተቀጥሮ ሊሠራ አዲስ አበባ ሄደ። ይህንን በአክብሮት ልጽፈው ብዙ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም፤ ተናድጃለሁ።

ማኅተምዎ ቀለም እንዳያጣ፣ ፈራሚዎም ከስልጠና በሰላም እንዲመለሱ፣ በርዎ ላይ የሚቆም ባለጉዳይም እንዳያጡ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ
ፌቨን ካሱ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ጠዋት ከጽሕፈት ቤትዎ ተደውሎ፣ ለመስቀል ከአዲስ አበባ ለሚመጡት የክብር እንግዶችዎ የሚሰጥ፣ በዶርዜ ሸማኔ እጅ የተሠራ ነጠላ በአስቸኳይ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። ሸማኔው ያለው እንግዶችዎ ከሚነሡበት ከተማ ስለሆነ፣ ሲመጡ ስጦታቸውን ራሳቸው ይዘውልዎት ይምጡ።