ጥላ ፎቃችንን ያጠንን ዕለት

ኅዳር 7፣ እሁድ፣ ማታ

ድምፄ ተዘግቷል። ሻይ በማር ይዤ ነው የምጽፍልሽ፣ ደብተሬ። ሁለት ለአንድ አሸነፍን። ሁለተኛዋ ስትገባ ነጠላዬ ከትከሻዬ በርሮ አጥሩ ላይ ተሰቀለ። ሰው ከጎሉ ይልቅ በኔ ሳቀ። ይሳቅ።

ነጭና ቢጫ ስካርፌን አጥቤ አሰጣሁ። እግሬ አብጧል። ደስ ብሎኛል።

ከጨዋታው በኋላ ሶሎሞን ደጋፊውን ሰበሰበ። አጨፋሪያችን ነው፤ እሱ «ድር ነን» ካላለ እኛ «ማግ ነን» አንልም። ድርና ማግ የተባልነው ቡድኑ ከክር ፋብሪካው ስለወጣ ነው። ፋብሪካው ተሸጠ፣ እሺ። አሁን የገዛው ባለሀብት ሜዳውም አብሮ ተሸጦልኛል ይላል። እኛ ደግሞ ሜዳውን የሠራው ሰፈሩ ነው፣ ፋብሪካው አንድ ሚስማር አልመታበትም እንላለን። ክረምቱን ሙሉ ክርክር። በመጨረሻ አጣሪዎች ከክፍለ ከተማው ጽ/ቤት መጥተው ሰፈሩ የሠራበት ነገር ካለ በዓይናቸው ሊያዩ ነው።

የሶሎሞን ሐሳብ፦ አርብ ኅዳር ሚካኤል ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጠርጎ ቆሻሻውን ያጥናል። እኛም ሜዳውን እንጥረግ። ጥላ ፎቅ በስብሷል፣ ይነቀል፤ የብረት ወንበር ታዟል። አጣሪዎቹ ሲመጡ አዲስ ያያሉ።

ጥላ ፎቅ የምንለው የባህር ዛፍ መቀመጫችንን ነው። ጥላ አለው፣ ፎቅ የለውም። ባሌ ጌታቸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከጓደኞቹ ጋር እንጨቱን ከእንጦጦ በአህያ አውርዶ ተከለው። እኔ ያኔ አዲስ ሙሽራ፤ ድንጋይ አቀብል ነበር። ሶሎሞን ገና ንፍጡን ያልጠረገ ልጅ።

ስለዚህ ትንሽ ከፋኝ። ግን ይህን ያለው ሶሎሞን ነው። የልጄ የክርስትና አባት። ጌታቸው ሲታመም አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰው። «ሰው ጥሪልኝ ብርቄ፣ አንቺን እንቢ የሚል የለም» አለኝ። ኮራሁ፣ ምን ልዋሽሽ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ቤት ለቤት ስዞር ዋልኩ። ሁሉም እሺ አለኝ። እትዬ አስካለ ብቻ አስቸገሩኝ። ዕድሜ ያስቀመጣቸው ደጋፊያችን ናቸው፤ ዳኛ ከሜዳ ሲወጣ መንገድ የሚቀይረው እሳቸውን ፈርቶ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ አዲሱ ቀሚስ ሳይሰፋ አሮጌውን አውልቂ ትይኛለሽ? ራቁቴን ልቀመጥ ነው?»

ብረቱ ታዟል አልኳቸው።

«አይተሽዋል?»

አላየሁም። ሶሎሞን አይቶታል አልኳቸው። ሳቁብኝ። ሶሎሞን ኳሷ ውጭ ወጥታ እንኳ ጎል ነው ብሎ ይጨፍራል አሉ። በመጨረሻ እሺ አሉኝ። «ላንቺ ስል ነው። ለሱ አይደለም።»

ኅዳር 12፣ አርብ፣ ሚካኤል

ጭስ ጭስ እሸታለሁ። ፀጉሬ፣ ልብሴ፣ አንቺም ሳትቀሪ።

እንዴት ያለ ቀን ነበር። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሴቶቹ ጠረግን፣ ወንዶቹ ነቀሉ። ሶሎሞን ወዲያ ወዲህ እያለ፣ ከሥሩ ንቀሉት፣ ጉቶ እንዳይቀር፣ ለብረቱ እንዳያስቸግር ይላል። እትዬ አስካለ እንጨቱን ለማገዶ እንካፈል አሉ። ነቀዝ በልቶታል፣ ቤታችሁ ታስገቡታላችሁ ብሎ ከለከለ። ከቆሻሻው ጋር ተከመረ።

የጌታቸው ጣውላ መጨረሻ ላይ መጣ። ጫፉ ላይ በሰንጢ «ብ» ብሎ ቀርጾበት ነበር፤ የኔን ስም። ሁልጊዜ እሱ ላይ ነው የምቀመጠው። ይሄን እንኳ ቤት ልውሰደው አልኩ። ሶሎሞን ትከሻዬን አቀፍ አድርጎ፣ አዲሱ ላይ በብረት አስጽፍልሻለሁ አለኝ።

በገዛ እጄ ወረወርኩት። ባህር ዛፍ ሲነድ ታውቂያለሽ፣ ይንጣጣል። የደጋፊው ከበሮ ተመታ። ድር ነን፣ ማግ ነን፣ አንበጠስም። እንባዬ መጣ፣ በጭሱ አሳበብኩ።

ሲመሽ የተነቀለበትን ጉድጓድ ሁሉ በአመድና በከሰል ስብርባሪ ጠቅጥቀን ደፈንን። ልጆች እግራቸውን እንዳይሰብሩ ብዬ እኔ ነኝ ያልኩት። ከበሮው እንደ ወትሮው እኔ ቤት አደረ።

ኅዳር 14፣ እሁድ

ብረቱ አልመጣም። የጭነት መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቷል፣ ሶሎሞን በስልክ። ጨዋታውን ቆመን አየን። ዜሮ ለዜሮ። እትዬ አስካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ነገ ጾም ይገባል።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ጽሑፌ ካስጠላሽ ታገሺኝ።

አጣሪዎቹ መጡ። አንዲት ሴትዮና ሁለት ወንዶች። ከኋላቸው የባለሀብቱ ጥቁር መኪና። ሶሎሞን ከጥቁሩ መኪና ወረደ። መንገድ ላይ አግኝተውት ሊፍት ሰጥተውት ነው አልኩ። ሞኝነቴን እይልኝ። ሊፍት።

የባለሀብቱ ሰው አመድ እንዳይነካው ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ አስረዳ። ይህ ሰፈሩ ቆሻሻ የሚያቃጥልበት ክፍት ቦታ ነው፣ ይኸው አመዱ። ስታዲየም የሚባል ነገር የለም።

እኛ ተንጫጫን። ነበረ፣ እዚሁ ነበረ። ሴትዮዋ በትዕግሥት፣ የቆመበትን አሳዩኝ አለች። አንዱ እዚህ ጋ አለ፣ አንዷ የለም እዚያ ጋ ነው አለች፣ ሌላው ወደ ጎሉ ጠጋ ይላል አለ። ነፋሱ አመዱን በሜዳው ሁሉ በትኖታል፣ ምኑን ከምኑ እንለየው። እርስ በርስ ስንከራከር የባለሀብቱ ሰው ፈገግ አለ።

ከዚያ የሰፈሩ ተወካይ ብላ ሶሎሞንን ጠየቀችው። ተወካይ ማን እንዳደረገው እኔ አላውቅም። እኔን ሳያይ መለሰ።

«እንጨት ነገር ነበረ። ሰፈሩ ራሱ ነው ያነሳው።»

ደብተሬ፣ እውነቱን እኮ ነው። አልዋሸም። እውነት መሆኑ ነው የገደለኝ። ብንከሰው በምን እንከሰዋለን። እኛው ነቀልን፣ እኛው አጠንን።

ሴትዮዋ በሚመጣው ማክሰኞ ለልኬት ትመለሳለች። የምታሳዩኝ ካላችሁ ያን ዕለት አሳዩኝ ብላ ሄደች። ምን እናሳያታለን።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ስገባ ወሬው ቆመ። ደህና አደራችሁ አልኩ፣ ወፍጮው ብቻ መለሰልኝ። አንዷ ዱቄቷን እያራገፈች፣ «ጠሪያችን መጣች» አለች። ጠሪያችን። እውነት ነው፣ ሰው የመጣው የኔን አፍ አምኖ ነው።

የሱን ስም ከዛሬ ጀምሮ ሙሉውን አልጽፍም። ሶ. ይበቃዋል። ስልክ አያነሳም። ከሰፈር ወጥቶ መሪ የሚባለው ሰፈር ኮንዶሚኒየም ገብቷል አሉ።

ኅዳር 19፣ አርብ፣ ከሰዓት

መሪ ሄጄ መጣሁ። ሦስተኛ ፎቅ። እሱ እውነተኛ ፎቅ አግኝቷል።

ሚስቱ ከፈተችልኝ፣ አቅፋ ሳመችኝ፣ ጭማቂ አቀረበችልኝ። ምንም አታውቅም መሰለኝ። እሱ ሲያየኝ ተነስቶ ወንበር ሳበልኝ። ስድብ አዘጋጅቼ ነበር፣ ታክሲ ውስጥ ስለማመደው ነው የሄድኩት። ወንበር ሲስብልኝ ጠፋብኝ።

ብዙ አወራ። ሜዳው ድሮም አልቆለታል ይላል። ሰው ከፖሊስ ጋር ሳይጋጭ፣ ሳይታሰር፣ በሰላም እንዲለቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ልታመሰግኑኝ ይገባ ነበር አለ። ባለሀብቱ ለሰፈሩ ወጣት ሥራ ይሰጣል። እሱም አሁን እዚያው ነው የሚሠራው። ደግሞ ለዚያ የእንጨት ክምር ይሄ ሁሉ ለቅሶ ምንድነው አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት።

«ብረቱስ?»

«የቱ ብረት?»

ደብተሬ፣ አላስመሰለም። እውነቱን ነበር የጠየቀኝ። ስሜን በብረት አስጽፍልሻለሁ ያለኝን ሰውዬው ረስቶታል። እኔ የባሌን የእጅ ሥራ እሳት የከተትኩበትን ቃል። «እ፣ እሱን ነው» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ልወጣ ስል ከበሮውን ላኪልኝ አለ። ባለሀብቱ የመሠረት ድንጋይ ሲጥል ለዝግጅቱ ይፈልጉታል። ከበሮው የኔም ያንተም አይደለም፣ የጥላ ፎቅ ነው አልኩት። ጭማቂውን አልነካሁትም።

ታክሲ ውስጥ ስድቡ ሁሉ ትዝ አለኝ።

ኅዳር 21፣ እሁድ፣ ጽዮን

ለማርያም እንጦጦ ወጣሁ። ከሰው ጋር አልሄድኩም፣ ማንም ነይ አላለኝም። ቤ/ክ ደጃፍ ላይ ቆሜ ለሱም ልጸልይለት ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ሌላ ጊዜ።

ስወርድ፣ ከሰፈራችን በላይ ያለው መታጠፊያ ጋ ላርፍ ተቀመጥኩ። ሜዳው ከታች ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ነፋሱ የላይኛውን አመድ ጠራርጎ ወስዶታል። በየጉድጓዱ የጠቀጠቅነው ግን አልሄደም። ቀዩ አፈር ላይ ጥቁር ነጥብ፣ ጥቁር ነጥብ፣ እንደ ጥልፍ ተደርድሮ። ረድፉ ሳይቀር። ደረጃው የሚጀምርበት ሳይቀር። ጥላ ፎቅ ሙሉው መሬት ላይ ተስሏል።

ታች ሆነን እኮ ነው ያልታየን። እያንዳንዳችን በየእግራችን ሥር ያለውን ነው የምናየው።

ከዚያ ድንጋዩ ትዝ አለኝ። ጌታቸው እያንዳንዱን ቋሚ ሲተክል ጉድጓዱ ሥር ዙሪያውን በድንጋይ ይጠቀጥቅ ነበር። አቀባይዋ እኔ። ወንዶቹ እንጨቱን ሲነቅሉ ድንጋዩን አላወጡም፤ አመዱን በላዩ ነው የደፋነው። ሶ. ይሄን አያውቅም። ቢያውቅ ያስወጣው ነበር።

በቀጥታ እትዬ አስካለ ጋ ሄድኩ። በር አልከፈቱልኝም። በቆርቆሮው በር ስንጥቅ ነገርኳቸው፦ አመዱን እንክፈተው፣ ድንጋዩ ይታይ፣ ሴትዮዋ ማክሰኞ በዓይኗ ትየው፣ ማን እንደነቀለውም ማን እንዳስነቀለውም እኔው ቆሜ እናገራለሁ። የስሊፐራቸው ድምፅ በሩ ድረስ መጣ። ቆመ። ተመለሰ።

ኅዳር 22፣ ሰኞ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

ዛሬ የጠራሁት ሰው የለም። መጥራት ትቻለሁ፣ አፌን ማን ያምነዋል። ብቻዬን እቆፍራለሁ። እስከ ማታ የደረስኩበት ይድረስ። ከጌታቸው ጉድጓድ እጀምራለሁ፣ የማይጠፋኝ እሱ ነው። ከኛ አጥር ጋ ያለችውን አካፋ አውጥቻለሁ፣ እጀታዋ ይወዛወዛል። ከበሮውንም ይዤ እሄዳለሁ፣ ቤት ብተወው ሶ. ሰው ልኮ ያስወስደዋል።

ቁርስ አልበላም፣ ጾም ነው ለነገሩ።

በር እየተንኳኳ ነው። አሁን ማነው በዚህ ጠዋት።

እትዬ አስካለ ናቸው። ዶማ ተሸክመዋል፣ በዚያ ወገባቸው። አልሳሙኝም። «ምን ትጽፊያለሽ፣ ፀሐይ ሳይበረታብን ነይ እንጂ» ይሉኛል። ከኋላቸው ወፍጮ ቤት የሰደበችኝ ሴትዮም አለች፣ ፊቷን አዙራ፣ ግን መቆፈሪያ ይዛለች። ሄድኩ፣ ደብተሬ።