ቅቤ ያልነካው ድስት

ቡታጅራ፣ መጋቢት 25 ቀን 1963 ዓ.ም.

ተዋቡ እህቴ፣

ያረፍኩባቸው ወይዘሮ ዘርፈሽዋል እጃቸው ተሰብሮ ማብሰል አቅቷቸዋል። ሙስሊሟ ጎረቤታቸው ሰፍያ ጎመን ሠርታ ብታመጣላቸው፣ «ድስትሽ ቅቤ የነካው ነው፤ ሁዳዴ ነው ልጄ» ብለው ሳይቀምሱ መለሱት። በእኛ ሰፈር ቢሆን ኩርፊያው እስከ ፋሲካ አይበርድም ነበር። እሷ ግን ትናንት ከእንሴኖ ገበያ አዲስ የሸክላ ድስት ገዝታ መጣች። እዚያው ፊታቸው በኑግ ዘይት አሟሽታ፣ ጎመኑን አብስላ በቆጮ አጎረሰቻቸው።

«ለዚች ለቀረችው ጾም ድስት ትገዢያለሽ?» ቢሏት፣

«ለከርሞም ነው እንጂ፤ ኢንሻአላህ አብረን እንከርማለን» አለቻቸው።

እንባቸው እየወረደ ጎረሱ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እማማን ጉልበታቸውን፣ ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ።

ዘነበወርቅ