በምርቃት ቅቤ የታፈነው ሞተር

ቀን፦ ኦገስት 18 ቀን 2025 (ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.)

ለሞያሌ የአሮጌ ሞተር ብስክሌቶች አማተር እሽቅድድም ኮሚቴ
ለተከበሩ ሰብሳቢ ለወ/ሮ ሻምሳ ሙሐረም
ሞያሌ፣ ኬንያ

አመልካች፦ ሀዊ ቦርቶ፣ አድራሻ ማንያታ
ተጠሪ፦ ሻሪፍ አብዱራሺድ፣ አድራሻ ማንያታ፣ ከአመልካች አጥር ማዶ

ጉዳዩ፦ በእርቅ አልቋል የተባለው ጉዳዬ አለማለቁን ስለማሳወቅና ፍትሕ ስለመጠየቅ

ክብርት ሰብሳቢ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ኮሚቴው ባለፈው ዓርብ ለሰጠው ውሳኔ ያለኝን አክብሮት በትሕትና እገልጻለሁ። አክብሮቴ እስከዚህ ዓረፍተ ነገር ድረስ ነው። ውሳኔውን ግን አልተቀበልኩትም፤ ያልተቀበልኩበትንም ምክንያት ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

አቤቱታዬን በአማርኛ የጻፍኩት ደንባችን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በስዋሂሊ የሚቀርብለትን ማመልከቻ እኩል ስለሚቀበል ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ። ተጠሪው የማይስማማውን ጽሑፍ ሲሰጡት «አልገባኝም» ማለት ይወዳል። አማርኛ ማንበብ ያስተማረው የገዛ አባቴ ስለሆነ ይህንን አልገባኝም ሊል አይችልም።

1. እኔ አመልካች የተወለድኩት ዋልዳ፣ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው። አባቴ ቦርቶ ድንበሩን ተሻግሮ የመጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። እንጀራዬ ጨርቃ ጨርቅ መነገድ ነው፤ ሞተር መገጣጠምና መወዳደር ፍቅሬ እንጂ ሥራዬ አይደለም። ኮሚቴው እንደሚያውቀው አስፋልቱ ሳይሠራ በፊት አፍሪካን በሞተር እናቋርጣለን የሚሉ ፈረንጆች እኛ ጋ ሲደርሱ መንገዱ ወገባቸውንም ሞተራቸውንም ይሰብረው ነበር። ሰዎቹ በጭነት መኪና ሲሄዱ ሞተሮቹ በየግቢው ቀሩ። የእኔዋም ከእነዚያ አንዷ ናት። ሳገኛት ዶሮ ይቀፈቅፍባት ነበር።

ሞተሯ እንደ ዛሬዎቹ ውሃ አይዞርባትም። ሙቀቷን ከሆዷ ተሸክሞ የሚወጣው ዘይቷ ነው፤ ዘይቱም ከፊት ጎማው ጀርባ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ አልፎ፣ በቀጫጭን ክንፎቹ መካከል በሚገባው ነፋስ በርዶ ይመለሳል። ነፋሱን የዘጋባት ሰው ጉሮሮዋን አነቀ ማለት ነው። ይህንን የምጽፈው ለኮሚቴው ለማስተማር ሳይሆን ተጠሪው አላወቅሁም እንዳይል ነው።

2. ተጠሪው ያውቃል። የእሱንና የእኔን ሞተር የሠራነው በአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። አንዳችን ስንፈታ ሌላችን ቁልፍ እያቀበልን፣ ከአንድ ሳህን እየበላን፣ በአንድ ምላጭ ቀለም እየፋቅን ኖረናል። የእኔዋን የዘይት ማቀዝቀዣ ስንገጥም እሱ ከሥር ተኝቶ ሲያስር ብሎኑን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ወንድም የለኝም፤ ሰው ሲጠይቀኝ ግን ሻሪፍ አለ እል ነበር።

የተለያየነው ስለቀደምኩት ነው። አንድ ጊዜ ስቀድመው ሳቀ። ደግሜ ስቀድመው ገበያው ሳቀበት፤ ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ማቀበሉ ቀረ። እኔ የመሰለኝ ኩርፊያ ነበር።

3. በጁላይ ወር ውድድር ዕለት እንደ ልማዳችን ሞተሮቹ ተመረቁ። ይህን ወግ ወደ እሽቅድድም ያመጣነው እኛው ነን፤ ሰው ከብቱንና ልጁን ካስመረቀ ሞተሩን ለምን ይተዋል ብለን። ሽማግሌው ወተት ይረጫል፣ በጣቱ ጫፍ ቅቤ ነክቶ ከፊት መብራቱ በላይ የሞተሩን ግንባር ይቀባል፣ በሰላም ሂዱ በሰላም ግቡ ይላል። የዚያን ዕለት መራቂ ኦቦ ቦሩ ነበሩ፤ የተጠሪው እናት ወንድም ናቸው። ቅቤ የተሞላውን ቅል የያዘላቸው ተጠሪው ራሱ ነው።

የሌሎቹን ሁሉ ግንባራቸውን ነካ ነካ አድርገው አለፉ። እኔ ጋ ሲደርሱ ተጠሪው ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብሎ እንዲህ አላቸው፦ «አቡያ፣ የዚች ልቧ ግንባሯ ላይ አይደለም፣ እዚህ ታች ነው። ልቧን ቀባላት። ሀዊ እህታችን ናት፣ አትሰስትባት።» አቡያ ብሎ አጎቱን በአክብሮት ጠርቶ፣ እህታችን ብሎ እኔን አክብሮ ነው ያስደረገው። ኦቦ ቦሩም ቅቤውን በእጃቸው ሙሉ ዘግነው በማቀዝቀዣው ክንፎች ላይ ለጠፉት፤ በመዳፋቸውም ደህና አድርገው ጠቀጠቁት። ሲጠቀጥቁ ይመርቁኝ ነበር፤ ልጅ ይውጣልሽ፣ ከብት ይብዛልሽ፣ ጠላትሽ ወደ ኋላ ይቅር እያሉ።

ኮሚቴው በቃል ባቀረብኩት ቅሬታ ላይ «ታዲያ ለምን አልጠረግሽውም?» ሲል ጠይቆኛል። ጠያቂዎቹ የዚህ አገር ሰዎች ባይሆኑ አልቀየምም ነበር። ምርቃትን በመረቀ ሽማግሌ ፊት መጥረግ ምርቃትህ አይድረሰኝ ማለት ነው። ያንን ባደርግ አባቴ በሰፈሩ ቀና ብሎ አይሄድም፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ለሠርግም ለለቅሶም አልጠራም። ብጠርገው ባለጌ ነኝ፣ ባልጠርገው ተሸናፊ ነኝ። ተጠሪው ይህን አስቦበት ነው የመጣው። ሌባ ቢሆን ብሎን ይፈታ ነበር፤ እሱ ግን ማንም የማይነካውን ነገር መረጠ።

ቅቤው በሙቀት ቀልጦ ይወርዳል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

4. አልወረደም። ወደ ጎዶማ በሚወስደውና ለውድድሩ በተዘጋው አስፋልት ላይ ነፋሱ ቀዩን አቧራ ያመጣል፤ አቧራውም በለሰለሰው ቅቤ ላይ ገብቶ እንደ ጭቃ ግድግዳ ተለሰነ። እየመራሁ ነበር። የዘይቱ ሙቀት መለኪያ ሲወጣ አይቼ ዳር ለመያዝ ስቀንስ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ የኋላ ጎማዬ ቀጥ አለ። ያልወደቅሁት በፈጣሪ ቸርነት ነው።

አባቴ ዓይኑ ስለደከመ ውድድርን የሚከታተለው በጆሮው ነው። ከመንገዱ ዳር አጠገቡ ተቀምጣ የነበረችው ጎረቤታችን ጄን እንደምትመሰክረው፣ ሰው ሁሉ እያጨበጨበ ሳለ እሱ በድንገት ብድግ ብሎ «የልጄ ሞተር ታፈነች» አለ። ሞተሯ የቆመችው ከዚያ በኋላ ነው። እኔን ፍለጋ በሰው መሐል እየዳሰሰ ሲመጣ ያየሁትን እስካሁን አልረሳሁም።

ተጠሪው መስመሩን አልፎ ዋንጫውን ከያዘ በኋላ ወደ እኔ መጥቶ ትከሻዬን ነካ አደረገና «ፖሌ ሳና፣ ሀዊ» አለኝ። አይዞሽ ማለቱ ነው። ያን ዕለት አለቀስኩ። ያዘንኩ መሰላቸው፤ መናደዴን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

5. ኮሚቴው ያኔ «ምርቃት ጥፋት ሊባል አይችልም» ብሎ ቅሬታዬን መለሰ። ነገሩ የዞረው ኦቦ ቦሩ ራሳቸው የሆነውን በሰሙ ጊዜ ነው። በእኔ እጅ ነው ወይ ልታስገድላት የነበረው ብለው የእህታቸውን ልጅ ከግቢያቸው አባረሩት። በኦቦ ቦሩ ላይ ምንም አቤቱታ የለኝም፤ የመረቁኝ ከልባቸው ነው፤ እንዲያውም ጠላቴን ወደ ኋላ ማስቀረቱን ለእኔ ይተዉልኝ እንጂ፣ የተመኙልኝ ሁሉ እንዲደርስልኝ እጠብቃለሁ።

ተጠሪውም መግቢያ ሲያጣ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ በግ አስነድቶ ቤታችን መጣ። በሽማግሌዎቹ ፊት «ቅናት ነው። የት ብነካት እንደምትሞት አውቅ ነበር» ብሎ አመነ። ካሣ ይሁንልኝ ብሎም ከአንድ ዓመት ውድድር ራሱን እንደሚያገል ቃል ገባ። ሽማግሌዎቹ ተደሰቱ። እኔ ይቅር እንድል ሲጠብቁ እምቢ አልኩ፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እያሉ መከሩኝ። እኔም ጸሎት እንዳልያዝኩ በአክብሮት ነግሬያቸው ወደ ሞተሬ ሄድኩ። በጉ እስከ ዛሬ ግቢያችን ውስጥ ሣር እየበላ ነው፤ አላረድነውም፤ ባለቤቱ መጥቶ ይውሰደው።

ኮሚቴው እንግዲህ ዓርብ ዕለት የወሰነው ይህንኑ ነው፦ ተጠሪው ጥፋቱን ስላመነ ዋንጫው ይነጠቅ፣ ለአንድ ዓመት ይታገድ፣ አመልካችም እርቁን ትቀበል። ብዙ ሰው ፍርድ አገኘሽ ብሎ እንኳን ደስ ያለሽ ብሎኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔ ደስ አላለኝም።

6. ስለሆነም በትሕትና የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ከእንግዲህ ምርቃቱ ለጋላቢው ግንባር ብቻ ይሁን፤ ሞተር ላይ ቅቤ የሚባል ነገር እንዳይነካ በደንቡ ይጻፍ። ይህ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ከእኔ በኋላ ለሚመጡትም ነው።

ዋንጫው አይነጠቅ። ቤቱ ያስቀምጠው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር እንዴት አገኘኸው እያሉ ይጠይቁት።

ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ክብርት ሰብሳቢ፣ ተጠሪው እንዳይታገድ እለምናለሁ። ኮሚቴው ይህንን ሁለት ጊዜ እንዲያነበው እጠይቃለሁ፤ የምጠይቀው እንዲታገድ አይደለም፣ እንዳይታገድ ነው። የታገደ ሰው አልተሸነፈም። ዓመቱን ጥላ ሥር ተቀምጦ «ብገባ ኖሮ» እያለ ያወራል፣ ሰውም ንስሐ ገባ ብሎ ያዝንለታል፣ ሲመለስም እንደ ሐጅ ተመላሽ በእልልታ ይቀበሉታል። ቅጣት ብላችሁ የሰጣችሁት መደበቂያ ነው፤ ራሱ ለምኖ ያገኘውም ለዚህ ነው። ሞተሬን እንደገና እየሠራሁ እንደሆነ በአጥሩ ላይ ይሰማልና።

ሲሊንደሩን አስፍቼ፣ ፒስተኑን ቀይሬ፣ ክንፎቹን አንድ በአንድ በመርፌ አጽድቻለሁ። ባለፈው እሑድ አስነሣኋት። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ እስኪበቃው አዳመጠና «በቃ፣ ድናለች» አለኝ። ለዲሴምበሩ ውድድር ተመዝግቤያለሁ። ተጠሪውም እንዲመዘገብ፣ መነሻው ላይ ከጎኔ እንዲቆም፣ ያኔ የሳቁትም ያዘኑልኝም ሁሉ እንዲጠሩ ይታዘዝልኝ። ሞተሩ አንድ ነገር ቢጎድለው ከሱቅ አስመጥቼ እሰጠዋለሁ፤ በኋላ ሰበብ እንዳያገኝ።

እርቁን በተመለከተ ሽማግሌዎቹ አይከፉብኝ። እርቅ እወዳለሁ። ይቅርታውን እቀበለዋለሁ፤ የምቀበለው ግን መስመሩን አልፌ፣ ሞተሬን አጥፍቼ፣ ወርጄ ቆሜ፣ እሱ እስኪደርስ ከጠበቅሁት በኋላ ነው።

ከሰላምታ ጋር፤ ሰላምታው ተጠሪውን አይጨምርም።

ፊርማ
ሀዊ ቦርቶ
ማንያታ፣ ሞያሌ

ግልባጭ፦
ለኦቦ ቦሩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር
ለአቶ ሻሪፍ አብዱራሺድ፣ እንዲዘጋጅ