በወረቀት ሁለት ዓመት የቀደሙት የሙዚቃ ደራሲ

የሙዚቃ ደራሲና መምህር የነበሩት፣ በቤተሰብም በጓደኛም አፍ «ጋሽ እርሳስ» የሚባሉት ወንድማችን፣ ከአውቶቡስ ሾፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው መጋቢት 9 ቀን 1952 ዓ.ም. ተወለዱ። እውነተኛው ቀን ይህ ነው። በመታወቂያቸው፣ በትምህርት ማስረጃቸውና በጡረታ ደብተራቸው ላይ 1950 ተብሎ የተጻፈው ስሕተት ነው። የሕይወት ታሪክ በእርማት መጀመሩ ያልተለመደ መሆኑን ይህን የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ታውቃለች። ይሁን እንጂ አባታቸው ያዘዟት አንድ ነገር ይህ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1958 ዓ.ም. መስከረም ወር እናታቸው በልብስ ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ አባታቸውም የማለዳ ተረኛ ስለነበሩ ልጁን ቤት የሚጠብቅ ሰው ጠፋ። ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው ሰባት ዓመት የሞላውን ነው፤ እሳቸው ግን ገና የአምስት ዓመት ተኩል ልጅ ነበሩ። መዝጋቢው «እጅህን በአናትህ ላይ አዙረህ በወዲያ በኩል ያለውን ጆሮህን ንካ» አሏቸው። ቁመታቸውም እጃቸውም ረጅም ነበርና ያለ ችግር ነኩ። አባታቸውም «ሰባት ሞልቶታል» አሉ፤ ተጻፈ። አባታችን ይህን ባወሩ ቁጥር «ባለ ረጅም እጅ ወልጄ ማን ይከለክለኛል!» እያሉ ይስቁ ነበር። እስከ 1986 ድረስ በቤታችን ይህ የሚሳቅበት ጨዋታ ነበር።

የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳሉ አረጋዊው የሙዚቃ መምህር ያንኑ ረጅም እጅ አይተው ከቫዮሊን ተለቅ፣ ድምፁም ወፈር የሚለውን ቪዮላ ሰጧቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላማራቸውም። በ1969 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን፣ በ1973 ዓ.ም. የሙዚቃ ትምህርታቸውን በዲፕሎማ አጠናቀው በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህር ሆኑ። ቅጽል ስማቸውን ያተረፈላቸው እርሳስ ከጆሯቸው ጀርባ ተለይቶ አያውቅም፤ በሠርጋቸው ፎቶ ላይ እንኳ እዚያው አለ።

የሚደርሱት ሙዚቃ ለሁለት ቫዮሊን፣ ለአንድ ቪዮላና ከእነዚህ ሁሉ ትልቅ ለሆነው ለአንድ ቼሎ ነበር፤ አራት ሰው በትንሽ አዳራሽ የሚጫወተው። ዘፋኝ የለው፣ ከበሮ የለው። አጎታችን አንድ ቀን ተጋብዘው ሲሰሙ ቆዩና ወደ ጎናቸው ዘንበል ብለው «ተጀምሯል ወይስ ገና እየቃኙ ነው?» ብለው ጠየቁ። ይህን ሲነግሯቸው ከሁሉ አብልጠው የሳቁት ወንድማችን ነበሩ።

እንዲህ ያለውን ሙዚቃ ለሕዝብ ማሰማት የሚቻለው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ለጀማሪ ደራስያን በየዓመቱ በሚዘጋጀው ውድድር። ያሸነፈው ሥራ በታወቁ አራት ተጫዋቾች በትልቅ አዳራሽ ይቀርባል፤ ደራሲውም ከአንድ ቤተሰቡ ጋር ይጋበዛል። ሕጉ ጥብቅ ነው። በኖታው ላይ ስም አይጻፍም፤ መለያ ቃል ብቻ ይሰፍራል። ዕድሜም ከሠላሳ አምስት መብለጥ የለበትም። ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ላኩ። በየዓመቱም «ስለተሳተፉ እናመሰግናለን» የሚል አንድ ዓይነት መልስ ደረሳቸው።

ከባለቤታቸው ጋር ያስተዋወቃቸውም ይኸው ነው። ባለቤታቸው በፖስታ ቤት መስኮት ላይ ይሠሩ ነበርና ያንን ወፍራም ፖስታ በየዓመቱ የሚመዝኑት እሳቸው ነበሩ። በሦስተኛው ዓመት አላስችል ቢላቸው «ይኼን ያህል የሚጻፍላት ሴት ማን ትሆን?» ብለው ጠየቁ። በ1980 ዓ.ም. ተጋቡ፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ።

በ1986 ዓ.ም. የላኩት ሥራ «የመጨረሻው ፌርማታ» ይባላል። አባታቸው ሠላሳ ዓመት ስለነዱት አውቶቡስ የተጻፈ ነው። በሩ ሲከፈት የሚተነፍሰው አየር፣ የዝናብ መጥረጊያው ምልልስ፣ ተሳፋሪ ሲወጣና ሲወርድ የሚኖረው ዝምታ፣ ሁሉም አለበት። መለያ ቃሉም የአውቶቡሱ ቁጥር ነበር። በሰኔ ወር ማሸነፋቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። ተጋባዡ የቤተሰብ አባል አባታቸው እንዲሆኑ ወዲያው ወሰኑ፤ አባታችንም በዚያው ቀን ኮታቸውን ላውንደሪ ሰጡ።

በደብዳቤው ግርጌ የልደት ማስረጃ በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ እንዲላክ የሚል መስመር ነበር። ለተሸናፊ ማን ማስረጃ ይጠይቃል? አሥር ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቃቸውም። እውነተኛ ዕድሜያቸው ሠላሳ አራት ነበር፤ በወረቀት ግን ሠላሳ ስድስት።

አባታችን የልደት ማስረጃ ወደሚሰጠው ጽሕፈት ቤት ሄዱ፤ ይህን የጻፈችው ልጃቸውም አብራ ነበረች። ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ተራቸው ሲደርስ ያደረጉትን ሳይደብቁ ተናገሩ። ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቀና ብሎ አያቸውና «አባት፣ ያኔ ዋሽተው ከሆነ ዛሬ እውነት ለመናገርዎ ምን ማስረጃ አለኝ?» አላቸው። እናታችንን ያዋለደችው ጎረቤት ሞታለች፤ የክትባት ካርድ አልተገኘም፤ ጉዳዩን የወሰዱበት ፍርድ ቤት የሰጠው ቀጠሮ ከአሥራ ሁለቱ ቀን አለፈ። ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ሆነ። ሽልማቱ ለሌላ ተሰጠ፤ ኖታውም ተመለሰ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ከውድድሩ ዳኞች አንዱ በእርሳስ «ይህን ብሰማው ደስ ይለኝ ነበር» ብሎ ጽፎበታል።

ወንድማችን አባታቸውን አንድም ቀን አልወቀሱም። «አባዬ፣ እኔ ስድስተኛ ክፍልን ስጨርስ እኮ የሙዚቃ መምህሩ ጡረታ ወጡ። ሁለት ዓመት ዘግይቼ ብገባ ቪዮላውን ማን ይሰጠኝ ነበር?» ይሏቸው ነበር። እውነት ይሁን ማጽናኛ፣ እህታቸው እስከ ዛሬ አታውቅም። አባታችን ግን አልተጽናኑም። «ወረቀቱን ሳላስተካክል ያንን ሙዚቃ በጆሮዬ አልሰማም» አሉ። ልጃቸው ደግሞ «አባዬ ካልሰማው ለማን ይጫወቱታል?» ብለው ኖታውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። አባት በየዓመቱ ወደ ጽሕፈት ቤት ይመላለሳሉ፤ ልጅ ይጠብቃሉ። እኛም በሁለቱ መካከል ቆመን የምናደርገው አጣን። እንዲህ ሆኖ ሃያ ስድስት ዓመት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ለውድድር ልከው አያውቁም። በምትኩ በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት የራሳቸውን የጀማሪ ደራስያን ውድድር አቋቋሙ። ፎርሙን ራሳቸው አዘጋጁት፤ ዕድሜ የሚጠይቅ ቦታ የለውም። በሁለተኛው ዓመት ያሸነፉት የአምሳ አንድ ዓመቷ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። እናታቸው በ1998 ዓ.ም. ያረፉ ጊዜም ውድድሩን አላቋረጡም። በ2010 ዓ.ም. ያው ወረቀት ዕድሜያቸው ደርሷል ብሎ፣ በአምሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ከሚወዱት ክፍል በጡረታ አስወጣቸው።

በ2011 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ተገኘባቸው። ሐኪሞች ሞከሩ፣ ባለቤታቸው ከአጠገባቸው አልተለዩም፣ ልጆቻቸው ተፈራረቁ፤ ሕመሙ ግን ማንንም አልሰማም። ነርሷ ካርዱን አይታ «ስልሳ ሁለት ዓመት?» ስትላቸው «በወረቀት» ይሏት ነበር። ጥቅምት 17 ቀን 2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የሰማንያ አራት ዓመቱ አባታችን የሞት ማስረጃውን ለማውጣት ራሳቸው ሄዱ። እዚያም 1950 ተብሎ ተጻፈ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ አባታችን ማስረጃውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ሴት ልጃቸው መጥተው «አንቺ በምትጽፊው ላይ እንኳ እውነቱ ይኑር» አሉ።

ይህን ወረቀት የሚያጸድቅ ጽሕፈት ቤት የለም፤ ማኅተምም የለውም። ቢሆንም ትናንት አባታችን መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን መስመር ሦስት ጊዜ አነበቡትና «እንግዲህ ተስተካከለ፤ ኖታውን ያምጡት» አሉ። የመሳቢያውም ቁልፍ ተከፈተ።

ወንድማችን ስልሳ ዓመት ከሰባት ወር ኖሩ፤ ከዚያ አይበልጥም። አባታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ዕድሜን በወረቀት የማይቆጥር አምላክ ነፍሳቸውን በክብር ይቀበልልን፤ አባታችንንም ያጽናልን።

አሁን አራት የቀድሞ ተማሪዎቻቸው «የመጨረሻው ፌርማታ»ን ይጫወታሉ። አባታችን ከፊት ወንበር ላይ ናቸው። እባካችሁ እስከ መጨረሻው አብራችኋቸው ተቀመጡ። በመካከሉ አራቱም ዝም የሚሉባቸው ቦታዎች አሉ፤ ያኔ እንዳትነሡ። አልቆ አይደለም፤ ሰው እስኪወርድ ነው።